በካርድ ጨዋታ ውድድር «መቁረጫ» ምንድን ነው?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚጠባበቅ ተማሪ ሁሉ መቁረጫ ነጥብን ያውቃል፤ የተወሰነውን ነጥብ ያመጣ ያልፋል፣ ያላመጣ ይቀራል። እንደ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግና ፖኬሞን ባሉ፣ ተጫዋቾች ካርዶችን እየገዙና እየተለዋወጡ በሚያሰባስቡባቸው ጨዋታዎች ውድድርም መቁረጫ አለ፤ ነገር ግን እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው በነጥብ ሳይሆን በደረጃ ነው። የማጣሪያ ዙሮቹ ሲያበቁ ከሰንጠረዡ አናት ያሉት 8 ተጫዋቾች፣ በአነስተኛ ውድድር ደግሞ 4ቱ ብቻ፣ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። ስንት ነጥብ እንደሚያስገባ አስቀድሞ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የለም።

ይህ አሠራር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት እግር ኳስን ማየት ይጠቅማል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን ሊጉ 16 ክለቦች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚገናኝ በ30 ጨዋታ ውስጥ አሸናፊው ይለያል፣ ጥሎ ማለፍም አያስፈልግም። በአንጻሩ 16 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ካፌ ውስጥ ተሰብስበው የማጂክ ውድድር ማካሄድ ቢፈልጉና ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኝ ቢባል እንኳ 15 ዙር ያስፈልጋል። ለአንድ ዙር በተለምዶ 50 ደቂቃ ስለሚመደብ ድምሩ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በአንድ ማኪያቶ ይህን ያህል የሚያስቀምጥ ካፌ ደግሞ ጅማ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም።

መፍትሔው የስዊስ ስልት የሚባለው ነው፤ በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዙሪክ ውስጥ በተካሄደ የቼዝ ውድድር የተጀመረ ነው። በዚህ ስልት ተሸናፊ አይባረርም፤ በየዙሩ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ ሁለት ሰዎች ግን ዳግመኛ አይደለደሉም። ማሸነፍ 3፣ አቻ 1 ነጥብ ያስገኛል። ለ16ቱ ተማሪዎች 4 ዙር ቢደረግና አቻ የሚባል ባይኖር፣ አራቱንም ያሸነፈ 1፣ ሦስቱን ያሸነፉ 4፣ ሁለቱን ያሸነፉ 6 ሰዎች ይኖራሉ። ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡት 4 ከሆኑ፣ ባለ 9 ነጥቦቹ አራት ተማሪዎች በሦስት ወንበር ይፋጠጣሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ እኩል አሸንፎ ሳለ ይቀራል ማለት ነው።

የሚቀረው ማን ነው? በእኔ እምነት የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በማጂክ ደንብ ነጥባቸው እኩል የሆኑትን በመጀመሪያ የሚለየው የተጋጣሚዎቻቸው የማሸነፍ መቶኛ አማካይ ነው፤ ማንም ተጋጣሚ ምንም ያህል ቢሸነፍ ከ33 በመቶ በታች አይቆጠርም። ከአራቱ መካከል አንዱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች አሸንፎ በመጨረሻው ተሸነፈ እንበል። ተጋጣሚዎቹ በየተራ 2፣ 2፣ 3 እና 4 ጊዜ ያሸነፉ ቢሆኑ መቶኛቸው 50፣ 50፣ 75 እና 100 ነው፤ አማካዩ 68.75 ይሆናል። ሌላው ገና በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ቀሪዎቹን ሦስቱን አሸነፈ። እርሱ ወደ ታችኛው ጎራ ወርዶ ስለጀመረ የሚደርሱት ደካማ ተጋጣሚዎች ናቸው፤ 50፣ 33፣ 50 እና 50 ቢይዝ አማካዩ 46 ገደማ ነው። ሁለቱም አንዴ ብቻ ተሸንፈዋል፣ ሆኖም ማልዶ የተሸነፈው ለመቅረት ይበልጥ ቅርብ ነው። ልምድ ያለው ተጫዋች ያሸነፈውን ሰው በቀጣዮቹ ዙሮች «አይዞህ፣ በርታ» ሲለው ብታዩ ደግነት ብቻ አይደለም፤ የራሱንም መቶኛ እያሰበ ነው።

የተወዳዳሪው ብዛት ሲለወጥ የመቁረጫው ጠርዝም ይለወጣል። 128 ሰው 7 ዙር ቢጫወትና አቻ ባይኖር፣ ከአንድ በላይ ያልተሸነፉት በትክክል 8 ስለሚሆኑ ማንም አያጉረመርምም። 64 ሰው 6 ዙር ሲጫወት ግን እንዲህ ያሉት 7 ብቻ ናቸው፤ ስምንተኛዋን ወንበር ሁለት ጊዜ ከተሸነፉት 15 ሰዎች አንዱ ይወስዳታል።

ሁሉም መቁረጫ ግን በደረጃ አይደለም። ፕሮ ቱር በሚባለው የማጂክ የባለሙያዎች ውድድር ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያው ቀን 8 ዙር ነበረው፤ 12 ነጥብ ያገኘ ሁሉ ለሁለተኛው ቀን ያልፍ ነበር፤ ይህ ከእኛው የምደባ መቁረጫ ጋር ይመሳሰላል።

በመጨረሻው ዙር ላይ ጀማሪን የሚያስገርም ነገር ይታያል። ከ16ቱ ሁለቱ ሦስት ሦስት አሸንፈው ሲገናኙ፣ ሳይጫወቱ አቻ ለመውጣት ተስማምተው ሊጨባበጡ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ይይዛሉ፣ ከኋላ የሚመጡት ደግሞ ከ9 ስለማያልፉ ሁለቱም ገብተዋል። የማጂክ ደንብ ይህን ይፈቅዳል። ለስምምነቱ ገንዘብ ወይም ካርድ መስጠት ግን እንደ ጉቦ ተቆጥሮ ከውድድር ያሰርዛል።

ጥሎ ማለፉ ሲጀመር የማጣሪያው ነጥብ ሥራውን ጨርሷል፤ የሚቀረው ደረጃው ብቻ ነው። የገቡት 8 ከሆኑ አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ይገናኛሉ፤ ሁሉን ያሸነፈው አንደኛም በመቶኛ ሽርፍራፊ በገባው ስምንተኛ አንዴ ከተረታ ካርዱን ሰብስቦ ይሄዳል።