«ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ»

ደሴ መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ነኝና እባክህ መንገዱን አሳየኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። እንግዳ ማለት ቦታውን የማያውቅ ነው፤ ባዳ ደግሞ በሥጋም በጋብቻም የማይገናኝ፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ቃላት የተጣመሩት ቤት ስለሚመቱ ብቻ አይመስለኝም። መንገድ የጠፋበት ሰው ዘመድ ካለው ይመራዋል፤ ዘመድ የሌለውም መንገዱን ካወቀ ይደርሳል፤ የሚጨንቀው ሁለቱም ሲጎድሉ ነው። አባባሉ ከመንገደኛ አንደበት መውጣቱን አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል፤ መሽቶበት ማደሪያ የሚለምን ሰው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ነውና።

ከማንም ይልቅ የሚስማማው ግን ወደማያውቀው ሞቃታማ ጫካ ለተላከ ወታደር ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ያደገ ጎልማሳ ወባን የለመደ ሰውነት የለውም። በዝናባማ ጫካ ውስጥ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይታይም፤ ጫማ ይሻግታል፣ ሳይደርቅ የሰነበተ እግር ይላላጣል፣ ትንሽ ጭረት ፈጥኖ ይመግላል። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደ ኮንጎ የዘመቱት ወታደሮቻችንም የገቡት ወደዚህ ዓይነት ምድር ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር በተካሄደው የበርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ግንባር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943፣ ከእንግሊዝ ጦር አንድ ሰው ቆስሎ ሆስፒታል ሲገባ 120 ያህሉ በወባ፣ በተቅማጥና በመሰል የቆላ በሽታዎች ይወድቁ ነበር። አዛዡ ጄኔራል ዊልያም ስሊም የወባው ክኒን በየቀኑ መዋጡን በድንገተኛ ምርመራ ያረጋግጡ ጀመር፤ ቸል ያሉ የክፍል አዛዦችንም ከኃላፊነት አነሱ፤ በሽታውም እየቀነሰ ሄደ።

እንግድነትን እንዲህ በመድኃኒት፣ በልምምድና በጊዜ ማቃለል ይቻላል። እኔ ከባዱን የማየው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው፤ ለባዳነት ክኒን የለውምና። ምንጩ የት እንዳለ፣ የትኛው ጅረት ከዝናብ በኋላ እንደማይሻገር፣ ጠላት ትናንት ማታ በየት በኩል እንዳለፈ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው፤ እሱም የሚናገረው ላመነው ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944፣ ከበርማ ድንበር አጠገብ ባለችው የሕንድ ከተማ በኮሂማ ከጃፓን ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ወቅት የአካባቢው ተወላጅ የናጋ ሕዝብ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ መርቷል፣ የጃፓንን እንቅስቃሴ ነግሯል፣ ቁስለኛውንም በገደላማው አቀበት በቃሬዛ ተሸክሞ አውጥቷል።