በቴክሳስ የኤሌክትሪክ ገበያ የቤት ታሪፎችን ማወዳደር

በቴክሳስ ግዛት በዳላስ፣ በፎርት ዎርዝ፣ በሂውስተን ወይም በኮርፐስ ክሪስቲ ቤት የያዘ ሰው መብራት ለማስገባት ከብዙ ቸርቻሪ ኩባንያዎች አንዱን መርጦ ውል መፈረም ይኖርበታል። በአንድ የፖስታ ኮድ ውስጥ ብቻ የሚቀርቡት የውል ዓይነቶች አንዳንድ ጊዜ ከመቶ ይበልጣሉ። ሁሉም የሚሸጡት በዚያው ሽቦ የሚመጣውን፣ በዚያው ቆጣሪ የሚለካውን ኃይል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረ ደንበኛ አምፖሉ ሲበራም ሆነ ሲጠፋ የሚያየው ለውጥ የለም፤ የሚለወጠው በወሩ መጨረሻ የሚደርሰው ሒሳብ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ምርጫው ከሞላ ጎደል የስሌት ጉዳይ የሚሆነው።

ይህን ገበያ የፈጠረው ሴኔት ቢል 7 የተባለው ሕግ ነው። ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1999 የፈረሙት በወቅቱ የግዛቲቱ አገረ ገዢ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ ሲሆኑ፣ ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኩባንያ ኃይሉን ያመነጫል፣ ያከፋፍላል፣ ገንዘቡንም ይሰበስባል። ሕጉ እነዚህን ሥራዎች ለያያቸው። አመንጪዎች በጅምላ ይሸጣሉ፤ ቸርቻሪዎች ገዝተው ለቤተሰብ ያቀርባሉ፤ ምሰሶውን፣ ሽቦውንና ቆጣሪውን የያዙት ማከፋፈያ ኩባንያዎች ግን ውድድሩ ሳይነካቸው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ቀርተዋል። ከእነርሱ መካከል በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ የሚሠራው ኦንኮር፣ በሂውስተን ደግሞ ሴንተርፖይንት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚደወለው ለእነዚህ ነው። ቸርቻሪው የሚጠግነው ሽቦ የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነባሮቹ ኩባንያዎች በቀድሞ ክልላቸው ለቤተሰብ የሚሸጡበት ዋጋ በሕግ ተወስኖ ነበር። ያ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2007 መግቢያ ላይ ተነሣ። ብሪታንያ፣ እርሷም ለቤተሰብ የሚሸጠውን ኤሌክትሪክ ለውድድር የከፈተች አገር ስትሆን፣ ውል ሳያማርጡ ለሚቀሩ ደንበኞች ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የዋጋ ጣሪያ አበጅታለች። በቴክሳስ የችርቻሮ ዋጋ ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። የግዛቲቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን የሚያስገድደው መረጃ በግልጽ እንዲሰጥ ነው፤ ዋጋውን መመዘን ለገዢው ተትቷል።

ምርጫው ሁሉንም የግዛቲቱን ነዋሪ አይመለከትም። ከቴክሳስ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 90 በመቶ ያህሉን የሚያስተላልፈውን የኃይል ቋት የሚያስተዳድረው ኤርኮት የተባለው ተቋም ቢሆንም፣ በዚሁ ቋት ውስጥ ያሉት ኦስቲንና ሳን አንቶኒዮ የየራሳቸውን የከተማ ድርጅት ይዘው ቀጥለዋል። የገጠር የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ወደ ውድድሩ ካልገቡ በቀር አባሎቻቸው ሌላ ሻጭ መምረጥ አይችሉም። ኤል ፓሶ ደግሞ ከነጭራሹ ከኤርኮት ውጭ ናት።

የወሩ ሒሳብ በዋናነት ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ቸርቻሪው ለኃይሉ የሚያስከፍለው ነው። ሁለተኛው የማከፋፈያ ክፍያ ሲሆን፣ ይህን የሚያጸድቀው ኮሚሽኑ ነው፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ደንበኞች ቸርቻሪያቸው ማንም ይሁን ማን እኩል ይከፍሉታል። አንዳንድ ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል የሚያወጣው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። የማከፋፈያው ክፍያ ሲጨመር በኪሎዋት ሰዓት 9 ሳንቲም የተባለው 14 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ሁለት ውሎችን ሲያስተያዩ አንዱን ከነማከፋፈያው፣ ሌላውን ያለማከፋፈያው መውሰድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ይህን ለመከላከል ኮሚሽኑ እያንዳንዱ ውል አንድ ወጥ የሆነ የመረጃ ቅጽ እንዲኖረው ያዛል። በቅጹ ላይ የማከፋፈያው ክፍያ ተጨምሮ፣ ታክስ ሳይገባ፣ አማካይ ዋጋው በሦስት የፍጆታ መጠን ይሰፍራል፤ በወር 500፣ 1,000 እና 2,000 ኪሎዋት ሰዓት። ኮሚሽኑ የሚያስተዳድረው ፓወር ቱ ቹዝ የተባለው የማወዳደሪያ ድረ ገጽም ውሎቹን የሚያሰልፈው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቸርቻሪዎች ፈተናው የትኞቹ ሦስት ቁጥሮች ላይ እንደሚወድቅ አስቀድመው ያውቃሉ፤ ስለዚህ በእነዚያ ሦስት ነጥቦች ላይ ብቻ የሚያምር ዋጋ ማበጀት ይችላሉ። የገበያው ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ውሎችን እናስቀምጥ። በሁለቱም የማከፋፈያው ክፍያ በኪሎዋት ሰዓት 5 ሳንቲም፣ በተጨማሪም በወር 4 ዶላር ነው እንበል። የመጀመሪያው ውል ለኃይሉ በኪሎዋት ሰዓት 14 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ሆኖም ፍጆታው 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ከደረሰ ከወሩ ሒሳብ ላይ 100 ዶላር ይቀንሳል። ሁለተኛው ምንም ቅናሽ የለውም፤ ለኃይሉ 9 ሳንቲም ያስከፍላል። በ1,000 ኪሎዋት ሰዓት የመጀመሪያው 94 ዶላር ይመጣል፤ አማካይ ዋጋው 9.4 ሳንቲም ማለት ነው። ሁለተኛው 144 ዶላር ሆኖ 14.4 ሳንቲም ይወጣል። ድረ ገጹ በ1,000 ሲያሰልፋቸው የመጀመሪያው ከላይ፣ ሁለተኛው ከታች ይሆናል። በ2,000 ደግሞ ሁለቱም 284 ዶላር ናቸው።

አሁን ቆጣሪው በ999 ላይ ቢቆምስ? የመጀመሪያው ውል ሒሳብ ከ94 ዶላር ወደ 193 ዶላር ከ81 ሳንቲም ይዘላል። አንዲት ኪሎዋት ሰዓት በመቆጠቡ ቤተሰቡ ወደ 100 ዶላር ገደማ ተቀጣ። ቁጠባን የሚቀጣ ታሪፍ በምንም መልኩ ጤናማ ሊባል አይችልም።

ዓመቱን ሙሉ እንየው። በሰባት ወር 800፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለማቋረጥ በሚሠራባቸው በአምስቱ የሙቀት ወራት ደግሞ 1,600 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት ይኑር። የወር አማካዩ 1,133 ነው፤ ይህም ከተራ የቴክሳስ ቤት ፍጆታ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያው ውል ሰባቱ ወራት ቅናሹን ስለማያገኙ በእያንዳንዳቸው 156 ዶላር፣ አምስቱ በ208 ዶላር፣ ባጠቃላይ 2,132 ዶላር ይከፈላል። በሁለተኛው ሰባቱ በ116፣ አምስቱ በ228፣ ባጠቃላይ 1,952 ዶላር። በድረ ገጹ ላይ በ5 ሳንቲም ይረክስ የነበረው ውል በዓመቱ መጨረሻ በ180 ዶላር ተወደደ። የወር አማካዩን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው ይህን አያየውም፤ ምክንያቱም አማካዩ ከ1,000 በላይ ስለሆነ ቅናሹ ሁልጊዜ የሚደርሰው ይመስለዋል።

ስለዚህ ለማወዳደር የሚያስፈልገው የአሥራ ሁለቱን ወራት ፍጆታ ለየብቻ መያዝ ነው። ቁጥሮቹ በቀድሞ ሒሳቦች ላይ ይገኛሉ። ስማርት ሜትር ቴክሳስ በተባለው ድረ ገጽ የተመዘገበ ደንበኛ ደግሞ የቆጣሪውን ንባብ በየ15 ደቂቃው ተከፋፍሎ ማየት ይችላል። የእያንዳንዱን ወር ፍጆታ በእያንዳንዱ ውል ቀመር አስልቶ መደመር በተራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወደ አዲስ ቤት የሚገባ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ስለሌለው፣ ቅናሽም ሆነ በፍጆታው መጠን የሚለዋወጥ የዋጋ ደረጃ የሌለውን፣ በሦስቱም የፍጆታ መጠኖች ተቀራራቢ አማካይ ዋጋ የሚያሳየውን ውል ቢመርጥ ከድንገተኛ ሒሳብ ይድናል።

ውሎቹ በዋጋ አወሳሰናቸውም ይለያያሉ። በቋሚ ዋጋ ውል ቸርቻሪው በውሉ ዘመን የኃይሉን ዋጋ አይነካም፤ የማከፋፈያው ክፍያ ሲለወጥ ግን ለውጡ ወደ ደንበኛው ይተላለፋል። ተለዋዋጭ ዋጋ ያለው ውል ከወር ወደ ወር የሚሄድ ሲሆን፣ ዋጋውን የሚወስነው ቸርቻሪው ነው። ሌሊቱን በነጻ የሚሰጡም አሉ። የሌሊቱ ኪሳራ በቀኑ ዋጋ ላይ ስለሚጫን፣ የሚጠቅሙት የኤሌክትሪክ መኪናቸውን ሌሊት ለሚሞሉና ቀን ቤታቸው ባዶ ለሚውል ሰዎች ነው። የቴክሳስ ቤት ዋና ፍጆታ ከሰዓት በኋላ በሚሠራው ማቀዝቀዣ ላይ መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

የቤት ዋጋን ከጅምላ ገበያ ጋር በቀጥታ ማሰር ምን እንደሚያስከትል የታየው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ግሪዲ የተባለው ቸርቻሪ በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም እየተቀበለ ኃይሉን በጅምላው ዋጋ ያሳልፍ ነበር። በአዘቦቱ ቀን ይህ ርካሽ ነበር። ዩሪ የተባለው የብርድና የበረዶ ማዕበል ግዛቲቱን ሲመታ ግን የኃይል ማመንጫዎች ተቋረጡ፣ የጅምላው ዋጋም በወቅቱ ወደተፈቀደው ጣሪያ ወጣ፤ በሜጋዋት ሰዓት 9,000 ዶላር፣ ማለትም በኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር። ለቀናት እዚያው ቆየ። ቤታቸውን ለማሞቅ የሞከሩ ደንበኞች የሺህ ዶላሮች ሒሳብ ደረሳቸው። ኩባንያው በዚያው ዓመት በማርች ኪሳራ አወጀ፤ ሳይከፈል የቀረው የደንበኞች ዕዳም በኪሳራው ሂደት ቀሪ ሆነ። የግዛቲቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ከጅምላ ዋጋ ጋር የተሳሰሩ ውሎች ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጡ ከለከለ። የጅምላው ጣሪያም ወደ 5,000 ዶላር ዝቅ ተደረገ። እገዳው ተገቢ ነበር ባይ ነኝ፤ በብርድ ሌሊት ሕፃን ወይም አዛውንት ያለበት ቤት ዋጋ አይቶ ማሞቂያውን ማጥፋት አይችልም።

በቅጹ ላይ ዋጋውን ተከትሎ ሊነበብ የሚገባው የውል ማቋረጫ ክፍያ ነው። አንዳንዱ ውል ቁርጥ ያለ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 150 ዶላር ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 20 ዶላር ይላል። ሁለተኛው በረጅም ውል መጀመሪያ ላይ ሲቋረጥ እጅግ ይከብዳል። ደንበኛው ከቤቱ ለቅቆ ሌላ ቦታ ከገባና ማስረጃ ካቀረበ ግን ክፍያው አይጠየቅም። ውሉ ሊያበቃ 14 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረውም ያለ ክፍያ ወደ ሌላ መዞር ይፈቀዳል። ከቸርቻሪ ወደ ቸርቻሪ የዞረ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ከቀየረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ አዲሱን ውል ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል።

ውሉ ሲያልቅ መብራቱ አይቆረጥም። ቸርቻሪው አስቀድሞ ማስታወቂያ መላክ ግዴታው ነው። ደንበኛው ዝም ካለ ከወር ወደ ወር ወደሚሄድ ውል ይተላለፋል፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ ቋሚ ውል ይበልጣል። በተለይ ውሉ በበጋው ሙቀት ካለቀ ጭማሪው የሚያርፈው ፍጆታው ከፍተኛ በሆነበት ወር ላይ ነው። ስለዚህ ውሉ ስንት ወር እንደሚቆይ ሲወሰን የሚያልቅበትን ወር ጭምር ማየት ያዋጣል፤ ማቀዝቀዣውም ማሞቂያውም ብዙ በማይሠሩበት በጸደይ ወይም በመኸር የሚያበቃ ውል ቀጣዩን ለመምረጥ ፋታ ይሰጣል። ቸርቻሪው ራሱ ከገበያ ቢወጣም ኮሚሽኑ በተጠባባቂነት የሰየማቸው አቅራቢዎች ደንበኞቹን ይረከባሉ። የእነርሱም ዋጋ ከሌላው ገበያ ውድ ስለሚሆን፣ እንዲህ የተላለፈ ቤተሰብ በዚያው ሳይቆይ ወዲያው ሌላ ውል ቢፈልግ ይበጀዋል፤ ለመልቀቁም የማቋረጫ ክፍያ አይጠየቅም።