ካርቦን ያለው ሁሉ «ኦርጋኒክ» ነው?

አይደለም። ግን ቃሉ ቢያምታታ አይገርምም። በእርሻ «ኦርጋኒክ» ሲባል ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የበቀለ ማለት ነው። በኬሚስትሪ ግን ካርቦንን መሠረት ያደረገ ውህድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ከሃይድሮጅን ጋር ተያይዞ ይገኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን ቢኖረውም በልማድ ከዚህ ምድብ ውጭ ነው።

ስሙ የመጣው ከድሮ እምነት ነው። እነዚህን ውህዶች ሕይወት ያለው ነገር ብቻ ይሠራቸዋል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ግን ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪሽ ቮለር በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ በቤተ ሙከራ ሠራው። እምነቱ እየተሸረሸረ ሄደ፣ ስሙ ግን እስካሁን አለ።

ሕይወት ካርቦንን ለምን መረጠች? እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ካርቦን 4 እጅ እንዳለው አድርጋችሁ አስቡት። በአራቱም ሌሎች አተሞችን ይይዛል፤ ከራሱ ዓይነት ጋርም ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ወይም ቀለበት ይሠራል። ግሉኮስ የተባለውን የስኳር ዓይነት እንይ፦ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን። ፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘው ስኳር፣ ፍሩክቶስም ቁጥሩ ልክ እንደዚሁ ነው። የአተሞቹ አደራደር ብቻ ይለያል፤ በዚያችው ልዩነት ፍሩክቶስ ይበልጥ ይጣፍጣል። ስኳር ማንኪያ ላይ አርራ ስትጠቁር አይታችኋል? ያ ጥቁሩ በአብዛኛው ካርቦን ነው።