ማሪ ቬርኔ እና ቻርልስ ዎርዝ፦ ስለ ፋሽን ቤቱ ፍቅር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሮዋ ፓሪስ ፋሽን ቤቶች ላይ የተጻፉ የፍቅር ልብወለዶች ሱስ አለብኝ። ብዙዎቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ሀብታም ዲዛይነር፣ ድሃ ልጅ፣ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ። በዚያ ዓለም በእውን የኖሩት ጥንዶች ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ እና ማሪ ቬርኔ ናቸው። የእነሱ ታሪክ ከዚህ በጣም ይለያል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"ኦት ኩቱርን የጀመረው ፈረንሳዊ ነው"

የኦት ኩቱር (ለአንድ ደንበኛ በልኳ ተለይቶ የሚሠራ ውድ ልብስ) አባት የሚባለው ዎርዝ እንግሊዛዊ ነው። በ1825 ቦርን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለንደን ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ፓሪስ ገባ። ሸሪኩ ኦቶ ቦበርግም ስዊድናዊ ነበር።

"ዎርዝ ፋሽን ቤት ሁሉም ነገር በእጅ ይሰፋ ነበር"

ረጃጅሙን ስፌት በስፌት መኪና ይሰፉት ነበር። እጅ የሚገባው ጥልፉና ማጠናቀቂያው ላይ ነበር።

"ሀብታሙ ወንድ ድሃዋን ልጅ አነሳት"

ይህኛው በጣም ያናድደኛል። ሁለቱም ጋዥለን በሚባል የታወቀ የጨርቅ ሱቅ ተቀጥረው የሚሠሩ ደሞዝተኞች ነበሩ። የማሪ ሥራ ሻሉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደንበኞች ፊት ወዲህ ወዲያ ማለት ነበር። ዛሬ ሞዴል የምንለው ማለት ነው። ዎርዝ ሻሉ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ከሥሩ የምትለብሳቸው ቀለል ያሉ ቀሚሶች አዘጋጀላት። ልካቸው ልክክ ያለ ነበር። ሴቶቹም ስለ ሻሉ መጠየቃቸውን ትተው "ቀሚሱስ?" ማለት ጀመሩ። ቀሚስ የመሸጡ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። በ1851 ተጋቡ።

"ማሪ ቆንጆ ሞዴል ነበረች፣ በቃ"

በ1858 ዎርዝና ቦበርግ ሩ ደ ላ ፔ በሚባለው ጎዳና፣ ቁጥር 7፣ የራሳቸውን ፋሽን ቤት ከፈቱ። ቤት መክፈት አንድ ነገር ነው። የቤተ መንግሥት ሴቶችን ማምጣት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ያንን የተወጣችው ማሪ ናት።

በ1860 የባሏን ንድፎች አልበም ይዛ ልዕልት ፓውሊን ሜተርኒክ ቤት ሄደች። ልዕልቲቱ በፓሪስ የኦስትሪያ አምባሳደር ሚስት ናት፤ እሷ የለበሰችውን ሁሉም ይለብሳል። ልብወለድ ጻፊ ብባል የምጀምረው ከዚህ በር ነው። አንዲት የሱቅ ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ አልበሟን ታቅፋ፣ ያንን ግቢ ስታንኳኳ። እንግሊዛዊ ለፓሪስ ሴቶች ልብስ ይሰፋል መባሉ ልዕልቲቱን አላሳመናትም ነበር። ንድፎቹን ስታይ ግን ሐሳቧን ቀየረች። ሁለት ቀሚስ አዘዘች፣ እያንዳንዱ ከ300 ፍራንክ እንዳይበልጥ ብላ።

አንደኛውን ቱለሪ ቤተ መንግሥት ለግብዣ ለበሰችው። ብር የተሠራበት ነጭ ቱል (መረብ መሰል ስስ ጨርቅ) ነው፣ አበባ የተደረገበት። የፈረንሳይዋ እቴጌ ዩጄኒ ዓይናቸው አረፈበት፤ "ማን ሠራው?" ብለው ጠየቁ። ወዲያው ዎርዝ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ የእቴጌይቱ ልብስ ሠሪ ሆነ።

ዋጋውም አብሮ ወጣ። ልዕልቲቱ ከዚያ ወዲህ የዎርዝን ቀሚስ በ300 ፍራንክ እንዳላገኘች በማስታወሻዋ ጽፋለች።