ስለ 2000 ኤዲ የሚወራውና እውነታው

«2000 ኤዲ አነባለሁ» ባልኩ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ያ የራስ ቁር ያጠለቀው ፖሊስ ያለበት?» ይሉኛል። አዎ፣ እሱ፣ ጃጅ (ዳኛ) ድሬድ ያለበት። ከዚያ ወሬው የሚሄድበት መንገድም የታወቀ ነው፤ ፊልሙ ይነሳል፣ አሜሪካኖቹ ይነሳሉ፣ በመጨረሻም «አሁንም ይታተማል እንዴ?» ይመጣል። በየጊዜው ስመልሰው የኖርኩትን አንድ ቦታ ላስቀምጠውና ልገላገል።

ለማያውቀው፦ 2000 ኤዲ በ1977 በእንግሊዝ መታተም የጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳምንታዊ የሳይንስ ልቦለድ ኮሚክ (ታሪክ በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ መጽሔት) ነው። በአንድ እትም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አምስት የተለያዩ ታሪኮች አሉ። አንዱ አምስት ስድስት ገጽ ይሄድና ልክ ነገሩ ሲጥም «ይቀጥላል» ብሎ ይቆማል። አዘጋጁ ከቤቴልጌዝ ኮከብ የመጣ ታርግ የሚባል አረንጓዴ ፍጡር ነው፤ መጽሔቱ እንደሚለው ከሆነ ማለቴ ነው። ታርግ እትምን «ፕሮግ» ነው የሚለው፤ እኔም አፌ ስለለመደ እንደዚያው እቀጥላለሁ።

«የጃጅ ድሬድ መጽሔት ነው»

የመጀመሪያውን ፕሮግ ገልጦ ድሬድን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ያ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1977 የሚል ቀን ያለበት፣ በ8 ፔኒ የተሸጠው ፕሮግ የያዘው ሌሎች አምስት ታሪኮችን ነው። ትልቁ አንባቢ መሳቢያ ዳን ዴር ነበር፤ ከ1950 ጀምሮ በሌላ መጽሔት ላይ የታወቀ የጠፈር አብራሪ፣ ለአዲስ ትውልድ ተብሎ እንደገና የተሳለ። የእኔ ምርጥ ግን «ፍሌሽ» ነው። የወደፊቱ ዘመን ሰዎች ሥጋ ስላለቀባቸው በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዘው ዳይኖሰር እንደ ከብት እየነዱ ያርዳሉ። ይህን ያሰበው ሰው ምን በልቶ እንዳደረ እንጃ፤ ዳይኖሰሮቹ በተራቸው ሰዎቹን ሲበሉ ግን የትኛው ወገን ላይ እንደምትሆን አይጠፋህም።

ድሬድ የመጣው በሁለተኛው ፕሮግ ነው። ፈጣሪዎቹ ደራሲው ጆን ዋግነርና ስፔናዊው ሰዓሊ ካርሎስ ኤዝኬራ ናቸው፤ መጀመሪያ የታተመው ክፍል ግን በአብዛኛው የሌሎች ሥራ ነው። ሥዕሉ የወጣቱ ማይክ ማክማሆን ነበር። ዋግነር በባለቤትነት ጉዳይ ቅር ብሎት ትቶ ሄዶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ገጸ ባህሪውን ለአሥርተ ዓመታት ጻፈው።

ድሬድ ከዚያ ወዲህ ከመጽሔቱ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ስሙ መጽሔቱን ቢውጠው አይደንቅም። እኔ ግን ፕሮግ ሲደርሰኝ ድሬድን መጨረሻ ነው የማነበው። የምጀምረው በዚያ ሳምንት ብዙም ካልጣመኝ ታሪክ ነው። ሲጀመር የሰለቸኝ ታሪክ በስምንተኛው ሳምንት አስሮ ሲይዘኝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ድሬድን ብቻ አንብቦ የሚያስቀምጥ ሰው የገዛውን አራት አምስተኛ ጥሎ ነው የሚሄደው።

«ድሬድ ጀግና ነው» ወይም «መጽሔቱ አምባገነን ያሞግሳል»

ሁለቱም አንድ ስህተት ናቸው፤ ሁለቱም ወገኖች ቀልዱን አልሰሙም። የድሬድ ከተማ ሜጋ ሲቲ ዋን የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ የሸፈነ፣ በመጀመሪያ 800 ሚሊዮን ሕዝብ የታጨቀበት ከተማ ነው። እንደ ድሬድ ፖሊስም ፈራጅም የሆኑት ዳኞቹ በሞተር ሳይክል እየዞሩ መንገድ ላይ ይይዛሉ፣ እዚያው ይፈርዳሉ፣ እዚያው ያስፈጽማሉ። ይግባኝ የለም፣ ዳኞቹንም ሕዝብ አይመርጣቸውም። ድሬድ ከሁሉም ታማኙ ነው፤ ጉቦ አይበላም፣ ለወዳጅ አያደላም። የሚያስፈራው ይኸው ነው። ሌባ ዳኛ ቢሆን ኖሮ «ሰውየው ነው ክፉ» ብለን ባለፍነው። እሱ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ክፋቱ ወደ ሥርዓቱ ይዞራል።

ለሚጠራጠር ሰው የማውሰው «አሜሪካ» የሚለውን ታሪክ ነው። ዋግነር ጽፎት ኮሊን ማክኒል የሳለው ሲሆን፣ በ1990 በእህት መጽሔቱ በሜጋዚን የመጀመሪያ እትም ላይ ጀመረ። አሜሪካ የሰው ስም ናት፤ ስደተኛ ወላጆቿ በተስፋ ያወጡላት። ልጅቷ አድጋ ዲሞክራሲን ከሚጠይቁት ጋር ትሰለፋለች፣ ከዚያም መሣሪያ ወደ አነሱት ትገባለች። ታሪኩን የሚተርክልን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳት፣ ልቡ ግን ፈሪ የሆነ ወዳጇ ነው። በሥዕሉ ላይ የነጻነት ሐውልት ቆማለች፤ ከኋላዋ ግን እጅግ የሚበልጣት የዳኛ ሐውልት ተገትሯል፣ እሷ ከሥሩ ሕፃን ትመስላለች። አንድም ቃል ሳይጻፍ ነገሩ ተነግሯል። ድሬድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙም አይታይም፤ ሲመጣ ግን እንደ ዝናብ ነው የሚመጣው፣ ማንንም ጠልቶ አይደለም።

በዓመቱ ደግሞ ከተማዋ ሕዝበ ውሳኔ አደረገች፦ ዳኞቹ ይቀጥሉ ወይስ ዲሞክራሲ ይምጣ? ሕዝቡ ዳኞቹን መረጠ። ይህን አምባገነንን ማሞገስ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ያነበብነው አንድ ገጽ አይመስለኝም።

«አሜሪካዊ ኮሚክ ነው»

ታሪኩ አሜሪካ ስለሚካሄድ ብቻ። ደራሲዎቹ በአብዛኛው ብሪታንያውያን ናቸው። ከሰዓሊዎቹ ኤዝኬራ ስፔናዊ፣ የመጀመሪያውን ዳን ዴር በዚህ መጽሔት የሳለው ማሲሞ ቤላርዲኔሊ ጣሊያናዊ ነበር። ከዜግነቱ በላይ ግን ልዩነቱ በአነባበቡ ላይ ይታያል። የአሜሪካ የልዕለ ኃያላን ኮሚክ በወር አንዴ ሃያ ምናምን ገጽ ይዞ ስለሚመጣ ትንፋሽ አለው። እዚህ ደራሲው ያለው አምስት ስድስት ገጽ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ማስታወስ፣ ነገሩን ወደፊት መግፋት፣ ከዚያም አንባቢውን አንጠልጥሎ መተው አለበት። በአንድ ፓነል (በአንድ የሥዕል ሣጥን) የሚያልቀውን በሦስት መሳል አይቻልም።

የዚህ ትምህርት ቤት «ፊውቸር ሾክስ» የሚባሉት በአንድ ፕሮግ ተጀምረው የሚያልቁ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አላን ሙርን የመሰለ ደራሲ እጁን ያፍታታው በእነዚህ ነው። ግማሾቹ መጨረሻቸው ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ያስታውቃል፤ ያም ሆኖ አንዱንም ሳላነብ አላልፍም።

«የድሬድን ፊት አለማሳየታቸው በኋላ የመጣ ዘዴ ነው»

ገና በስምንተኛው ፕሮግ ድሬድ የራስ ቁሩን አውልቆ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ሳንሱር መደረጉን የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎበታል፣ አጠገቡ ያሉትም ደንግጠዋል። ሐሳቡ ከጅምሩ ነበር። በ1995ቱ ፊልም ሲልቬስተር ስታሎን አወለቀው፣ በ2012ቱ ካርል ኧርባን እስከ መጨረሻ አላወለቀም። የትኛውን እንደምመርጥ መናገር አለብኝ? ኧርባን በአገጩ ብቻ ተውኗል።

«የኮሚክ ሰው አያረጅም»

ድሬድ ያረጃል። እኛ አንድ ዓመት ስንኖር እሱም አንድ ዓመት ይኖራል። ታሪኩ በ1977 ሲጀምር እዚያ 2099 ነበር፤ ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ላይ 122 ደምር፣ ከተማዋ ያለችበትን ዘመን ታገኛለህ። ድሬድ ከዋና ዳኛው ፋርጎ ሴል የተቀዳ ሰው ሲሆን የተወለደው በ2066 ነው። ሒሳቡን ስትሠራው ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። ሕክምናው ያቆየዋል፤ የሞቱ ባልደረቦቹ ግን በአብዛኛው ሞተው ይቀራሉ፣ የፈረሰ የከተማ ክፍልም ፈርሶ ይከርማል። ከሌሎች ጀግኖች ሁሉ ወደ እሱ የሚመልሰኝ ይህ ነው።

«የበርገሩ ክፍሎች ጠፍተዋል»

አልጠፉም፣ ታስረው ነበር። በ1978 «ከርስድ ኧርዝ» የተባለው ረጅም ታሪክ ሲወጣ የታወቁ የምግብ ድርጅቶችን ምልክት በጦርነት ላይ አስቀምጦ ቀለደ። የሕግ ነገር ስላስፈራ ታሪኩ በኋላ ተሰብስቦ ከታተመባቸው ጥራዞች እነዚያ ክፍሎች እየወጡ ቀሩ። በ2014 የብሪታንያ ሕግ ለፌዝ ሥራ ከለላ ሲሰጥ መንገዱ ተከፈተ፤ በ2016 ታሪኩ ሙሉውን ታተመ። ለዓመታት በአፈ ታሪክ ያሳደግናቸው ገጾች ሲገኙ መካከለኛ ሆነው ተገኙ፤ እውነቱን እንናገር ካልን።

«ሃሎ ጆንስ ያልተጨረሰችው ደራሲው ስለሰለቸው ነው»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ዘ ባላድ ኦፍ ሃሎ ጆንስ» በአላን ሙር ተጽፎ፣ በኢያን ጊብሰን ተስሎ ከ1984 እስከ 1986 በ2000 ኤዲ በሦስት መጽሐፍ (በሦስት ትልልቅ ክፍል) የወጣ ታሪክ ነው። ሃሎ ከማንሃተን ዳርቻ ውቅያኖስ ላይ በተንሳፈፈ፣ ሥራ አጦች በሚከማቹበት ግዙፍ ቀለበት ውስጥ የምትኖር ተራ ልጅ ናት። ልዩ ኃይል የላትም፣ የምትበቀለው ጠላትም የላትም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ትልቁ ጀብዱ ምን መሰላችሁ? ቤት ውስጥ ምግብ ያልቃል፤ ሃሎና ጓደኛዋ ሮዲስ አስቤዛ ሊገዙ ይወጣሉ። ሳምንታት ይፈጃል። ተኩስ ለለመደው አንባቢ እንቆቅልሽ ነበር፣ ብዙዎችም አጉረመረሙ። ደግማችሁ ስታነቡት ግን ገበያ ወጥቶ በሰላም መመለስ ጀብዱ የሆነበት ሰፈር ምን ዓይነት ሰፈር እንደሆነ ይገባችኋል፤ ሃሎ ለምን ከዚያ ለመውጣት እንደምትሞትም።

በሦስተኛው መጽሐፍ ወታደር ትሆናለች። የምትዋጋበት ፕላኔት የስበት ኃይሉ እጅግ ከባድ ስለሆነ ጊዜ እዚያ ይንቀረፈፋል። ጥቂት ደቂቃ ተዋግተው ሲወጡ ውጭ ወራት ነጉደዋል። ሙር ከፊዚክስ የወሰደው ይህ ነገር ወታደር ከጦርነት ሲመለስ ዓለም ጥሎት የሄደ መስሎ የሚሰማውን ስሜት እንዳለ ያሳያል።

ሊቀጥል ታስቦ ነበር፤ ሙር ዘጠኝ መጽሐፍ አቅዷል። ያስቆመው የመብት ጉዳይ ነው። በዚያን ዘመን የተሠራው ሁሉ የአሳታሚው ንብረት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሙር መብቱ ለፈጣሪዎቹ ካልተመለሰ አልቀጥልም አለ፣ አልተመለሰም፣ አልቀጠለም። ጊብሰንም በ2023 አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከ2000 ኤዲ በፊት በእንግሊዝ ሳምንታዊ ኮሚክ ላይ የደራሲና የሰዓሊ ስም ማተም የተለመደ አልነበረም። ስማቸው የተጻፈበት ትንሽ ሣጥን ገጹ ላይ እንዲገባ ያደረገው በሥዕል ክፍል ይሠራ የነበረው ኬቨን ኦኒል ነው። ሣጥኑ ላይ ደግሞ «የድርሰት ሮቦት»፣ «የሥዕል ሮቦት» ተባሉ፤ የታርግ ባሪያዎች ናቸው በሚል ቀልድ። ሮቦት ድርሻ አይጠይቅም። የቀልዱ ምሬት ለእኛ ልጆች ለነበርነው አልገባንም፤ ለእነሱ ግን ይገባቸው እንደነበር አልጠራጠርም።

«ሁሉም ሳይንስ ፊክሽን ነው»

«ስሌይን» የሚባለው የ2000 ኤዲ ታሪክ የጥንቶቹ አውሮፓውያን የኬልቶች አፈ ታሪክ ነው፤ መጥረቢያ፣ አማልክት፣ ጭቃ። በ1983 ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል የሳለችው አንጄላ ኪንኬይድ ናት። ታርግ ስለፈቀደ ገባ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልፈልግም።

«ወርቃማው ዘመን ሰማንያዎቹ ነበሩ፤ አሁን ሞቷል»

አልሞተም። ስሙን ያወጡለት ሰዎች እስከ 2000 ይኖራል ብለው አልጠበቁም፤ እሱ ግን በ2000 ሬቤሊየን የተባለ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ገዝቶት አዲስ ሕይወት ጀመረ፣ በ2016 ሁለት ሺኛውን ፕሮግ አሳተመ። የዘጠናዎቹ መጀመሪያ መክፋቱን አልክድም፤ ያኔ ከልማድ ብቻ ነው ያነበብኩት። ነገር ግን ከ1997 እስከ 2012 የሄደውን «ኒኮላይ ዳንቴ» ያላነበበ ሰው ስለ ወርቃማ ዘመን ባይከራከረኝ ይሻላል። በ2666 ሩሲያ ውስጥ የሚኖር አንድ ሌባና ሴት አሳዳጅ በ15 ዓመት ውስጥ ይበስላል፣ ይቆስላል፣ ታሪኩም በጊዜው ያልቃል።

ስለ ሰማንያዎቹ የምናስታውሰው ደግሞ በጥራዝ የታተመውን ነው፤ ጥራዝ ምርጡን ብቻ ይዞ ይመጣል። አሮጌ ፕሮጎችን ቁልል አድርጎ ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያያል። በ1978 ከድሬድ ጋር በአንድ ፕሮግ የወጣ «ኮሎኒ ኧርዝ» የሚባል ታሪክ አለ። እንደገና ይታተም ብሎ የሚለምን አንድም ሰው አላጋጠመኝም። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ።