መብት እያለ መተው

ወገኖች፣ ማን ይሾም የሚለው ክርክር የሌለበት ቤተ እምነት የለም። አንግሊካኖች (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና በዓለም ያሉ እኅቶቿ) ግን ክርክራቸውን አደባባይ አውጥተው፣ ድምፅ ቆጥረው ነው የሚጨርሱት። እኔን የሚስበኝ ከውጤቱ ይልቅ ሰዎቹ መብታቸውን የያዙበት መንገድ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሎረንስ ሊ ቲም ኦይ የሆንግ ኮንግ ልጅ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በስደተኞች በተጨናነቀችው ማካዎ በዲያቆንነት ታገለግል ነበር። በዙሪያው ጃፓኖች ስለነበሩ ቄስ መድረስ አልቻለም። ምእመናኑ ቁርባን የሚያቀብላቸው አጡ። ጳጳሱ ሮናልድ ሆል በ1944 ቅስና ሾሟት። በአንግሊካን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ ሆነች።

ጦርነቱ ሲያበቃ ተቃውሞው ከቻይናም ከአንግሊካኖች ዋና መንበር ከካንተርበሪም ጎረፈ። ጳጳሱ ተወጠሩ። በ1946 የቄስነት የአገልግሎት ፈቃዷን መለሰች። ቅስናዬን ትቻለሁ ግን አላለችም። ማዕረጉን ሳትክድ መብቱን ብቻ ለቀቀች። በኋላ ቻይና ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ዶሮ እርባታ ላይ ተመድባ ሠርታለች። ሆንግ ኮንግ ቅስናዋን መልሳ ያወቀችላት በ1971 ነው። አስቡት፣ ሃያ አምስት ዓመት!

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ2012 ሴቶች ጳጳስ ይሁኑ የሚለው ሐሳብ ለሲኖዶስ ቀረበ። በሦስቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ጳጳሳቱና ካህናቱ አሳለፉት። የጣሉት ምእመናኑ ናቸው፦ 132 ደግፈው 74 ተቃወሙ፣ ስድስት ድምፅ ብቻ ጎደለ። በ2014 ግን አለፈ። በጥር 2015 ሊቢ ሌን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ ሆነው በዮርክ ካቴድራል ተሾሙ።

ልክ በሳምንቱ፣ በዚያው ካቴድራል፣ የሴቶችን ቅስና የማይቀበሉት ፊሊፕ ኖርዝ ጳጳስ ሆኑ። ሥርዓቱን የመሩት፣ ሌንንም የሾሙት ሊቀ ጳጳስ ጆን ሴንታሙ እጃቸውን አልጫኑባቸውም፤ የጫኑት ሦስት ሌሎች ጳጳሳት ናቸው። «የሴት ጳጳስ የነካ እጅ ረከሰ ማለት ነው?» ብለው የተቆጡ ነበሩ። ቁጣቸው ይገባኛል። ግን ሊቀ ጳጳሱ እጃቸውን መጫን መብታቸው ነበር። ለወንድማቸው ኅሊና ሲሉ ሰበሰቡት። ጳውሎስም ከወንጌል የመኖር መብት እያለው፣ ወንጌልን እንዳያሰናክል ብሎ አልተጠቀመበትም (1ቆሮ 9፥12)።

ይህ ሴት ትሾም ወይስ አትሾም ለሚለው መልስ አይሆንም። ያንን ከመጽሐፍ መርምሩ፣ አቋም ያዙ፣ ድምፅም ስጡ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። በዚህ ትምህርት ተጠቅሞ ደካማውን «አንተ ተው» የሚል ባለ ሥልጣን አይጠፋም። ቲም ኦይም ብትሆን ጫናው ቀላል አልነበረባትም። ጳውሎስ የተወው የራሱን መብት ነው። የበርናባስን ደሞዝ ሲያስቀር አላየንም።