ማጠጋጋት ምንድን ነው? 5 የግድ ወደ ላይ አይወጣም

«ኮምፒውተሩ 2.5ን 2 አደረገው፤ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ሰሞኑን ደግሞ ገጠመኝ። አልተበላሸም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ለሚያሠሩ ሰዎች የማቴሪያል ስሌት እሠራለሁ፤ ይህን ክርክር በየጊዜው እሰማዋለሁ። አሁንስ በዛ።

ማጠጋጋት ማለት ቁጥርን በቅርቡ ባለው ሙሉ ቁጥር መተካት ነው። 2.3 ለ2 ይቀርባል፣ 2.8 ለ3። እዚህ ላይ ጠብ የለም። 2.5 ግን ከሁለቱም እኩል ይርቃል። «ወደ ቅርቡ ውሰደው» የሚለው ሕግ እዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ ሰዎች ተስማምተው ተጨማሪ ደንብ አወጡ። «5 ወደ ላይ» ከእነዚህ ስምምነቶች አንዱ ነው እንጂ የሒሳብ ሕግ አይደለም።

ተከራካሪዬ ግን ማስረጃ አለኝ ይላል። «ከነጥብ በኋላ ካሉት አሃዞች ከ0 እስከ 4 ይወርዳሉ፣ ከ5 እስከ 9 ይወጣሉ። አምስት ለአምስት! እኩል ነው።» የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት የታክሲ ፌርማታዎችን አስቡ። ፌርማታዎቹ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው እንበል፤ በመሃላቸው እኩል የተራራቁ ዘጠኝ ቤቶች አሉ፣ ከ1 እስከ 9 ያሉት አሃዞች። የመጀመሪያዎቹ አራት ቤቶች ሰዎች ወደ ታችኛው ፌርማታ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ወደ ላይኛው። ዜሮ ማለት ፌርማታው ላይ ቀድሞ የቆመ ሰው ነው። የትም አልሄደም፤ እንዴት ወረደ ብለን እንቆጥረዋለን? አራት ለአራት ሆነና መሃለኛው ቤት ብቻ ቀረ። በመንገዱ ሁሉ መሃለኞቹን ወደ ላይኛው ፌርማታ ከሰደድን፣ ሰልፉ ሁሌ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይገፋል። አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች ብንልክ ግን ይካካሳል።

ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መሃል ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ተጋማሹ፣ ማለትም ለ2 እኩል ወደሚካፈለው፣ ይወስደዋል። 2.5 ወደ 2፣ 3.5 ወደ 4። ኤክሴል ደግሞ 2.5ን 3 ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ደንብ አክብረዋል።

0.5፣ 1.5፣ 2.5 እና 3.5ን ደምሩ፤ 8 ነው። ሁሉንም ወደ ላይ ካጠጋጋችሁ 10 ይመጣል። ወደ ተጋማሽ ከሆነ 0፣ 2፣ 2፣ 4፤ ድምሩ ያው 8። (2.51 መሃል አይደለም፤ በሁለቱም ደንቦች ወደ ቅርቡ፣ ወደ 3 ይሄዳል።)

ሁሌ ወደ አንድ ወገን መግፋት የሚያመጣውን ጣጣ የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ አይቶታል። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ከ1000 የጀመረው የገበያው መለኪያ በተሰላ ጊዜ ሁሉ ትርፍ አሃዞቹ ሳይጠጋጉ ይቆረጡ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ 520 ገደማ ወረደ። ሲታረም ከ1000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

በእኛ ሥራ ደግሞ ቅርቡ አይሠራም። ስሌቱ 7.2 ቤርጋ ፌሮ ካለ 8 ይገዛል። በ7 ሥራው ይቆማል። ግን ወደ ላይ የምታደርሱት መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው። ለአራት ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 1.3 ከረጢት ሲሚንቶ ቢያስፈልግ፣ ድምሩ 5.2 ነው፤ 6 ይገዛል። በየክፍሉ 2 እያላችሁ ከሄዳችሁ 8 ትገዛላችሁ። ትርፉ ሁለት ከረጢት ደግሞ ጓሮ ተቀምጦ እርጥበት ካገኘው ድንጋይ ይሆናል።